የእናት ጉርሻ

ትርሲት ከጆሮዋ ኋላ የተለጠፈውን መሣሪያ በሻሿ ሸፍና ለእናቷ ለወይዘሮ ዘርፌ ቅቤ የገባበት ፍርፍር አቀረበች። በዚህ መሣሪያ የካንሰር መድኃኒት የሚያመጣውን ማቅለሽለሽ ከበሽተኛው ወደ ልጁ ማዛወር ከተጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። ታላቅ ወንድሟ ደምሰው «እኔ ሥራ አለብኝ» ብሎ ስለሸሸ የእናታቸውን ማቅለሽለሽ የተቀበለችው እሷ ናት። እናታቸው ቢሰሙ እሺ ስለማይሉ ሁለቱም ደብቀዋቸዋል። ወይዘሮ ዘርፌ የምግብ ፍላጎታቸው የተመለሰው በሚጠጡት ጸበል መስሏቸዋል።

«ነይ እንጂ፣ አብረን እንብላ» አሉ እየጎረሱ።

«በልቻለሁ እማዬ።»

«ሁልጊዜ በልቻለሁ! ከታመምኩ ወዲህ አንድ ቀን አብረሽኝ ማዕድ ቀርበሽ አታውቂም። ተጸየፍሽኝ እንዴ?»

«ኧረ በማርያም!»

«እንግዲያው ጉረሺ» አሉ ጠቅልለው እየዘረጉላት።

ትርሲት አፏን ከፈተች። ጉርሻውን ሳትውጥ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጣ አስታወከች።

ስትመለስ እናቷ ሳህኑን ገፍተው በስልክ እያለቀሱ ነበር። «ደምሰው ልጄ፣ ና ውሰደኝ። እህትህ እጄን ተጸየፈችው።»

ትርሲት እውነቱን ልትናገር ቃጣት። ገና አራት ዙር መድኃኒት እንደሚቀር ትዝ ሲላት ግን ሳህኑን መልሳ አስጠጋችላቸው።

ሁሉን የሚያውቀው ደምሰው ከስልኩ ውስጥ፣ «እሺ እማዬ፣ አታልቅሺ። እኔ እመክራታለሁ» አለ።