ሁለት የግራ ታፋ

ሽማግሌው ሚስተር ቤይሩት፣ ባውሽሪዬ ሰፈር ባለው ቤታቸው የመጨረሻውን የቅሪተ አካል አጥንት በምግብ ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፉ፣ ሠራተኛቸው መወልወያዋን እንደያዘች ቆመች። የገጣጠሙት ጀርባው ላይ እንደ ኤሊ የአጥንት ጋሻ የተሸከመ ዳይኖሰር ነበር፤ ሚስተር «የማንም ዘመድ ያልሆነ ዝርያ» እያሉ ሃያ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩበት።

«ይሄ አንድ እንስሳ አይደለም፤ ሁለት ነው» አለች።

«ሊንዳ! ያላ፣ ወደ ማድቤትሽ!» ሚስታቸው ማዳም ከሶፋዋ ጮኸች።

አልሄደችም። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት እያወጣች ያደገች ሴት የግራና የቀኝ ታፋ አይምታታባትም። ሁለቱን የታፋ አጥንቶች አንስታ ጎን ለጎን አጋደመቻቸው። ዳሌ ውስጥ የሚሰካው የሁለቱም ክብ ራስ ወደ ተመሳሳይ ጎን ዞሯል።

«ሁለት ግራ እግር ያለው ዶሮ አይተው ያውቃሉ?»

«ያኒ፣ ፕሮፌሰር ሆንሽ ማለት ነው?» አለች ማዳም።

ሚስተር እጃቸውን አንስተው ሚስታቸውን ዝም አሰኟት። አጥንቶቹን እያገላበጡ ዳሰሱ፤ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ከዚያ ማስታወሻ ደብተራቸውን ስበው የዳይኖሰሩን የድሮ ሥዕል ሰረዙና፣ «ስህተቱን ያገኘችው ሊንዳ» ብለው ጻፉ።

ሠራተኛዋ እርጥብ ጣቷን ገጹ ላይ አሳረፈች።

«ይሄም ስህተት ነው። ሊንዳ ማዳም ያወጣችልኝ ስም ነው፤ መንበረ ብለው ይጻፉ።»