የተሰነጠቀችው ለፋፊ

አንዲት ነገር ብጨምር ምላሴ ይድረቅ፤ ሆዷ የተሰነጠቀ ካስታኛ ምድጃ ውስጥ ስትጮህ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። የተራራው ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይሆን ስለሚያውቅ ነው ቀድሜ የምምለው። ካስታኛ ተጠብሳ የምትበላ የዛፍ ፍሬ ናት፤ ልጣጯ ድፍን ከሆነ በእሳት እንደ ጥይት ትፈነዳለች፤ በቢላዋ ከሰነጠቋት ግን እስክታርር ድረስ ትንፍሽ አትልም።

ከአባባ ኤቫሪስቶ ፊት ለፊት ተቀምጫለሁ። ልጃቸውን ለትዳር ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ዝናቡ ጣራውን ይቀጠቅጠዋል። እሳቸው የምድጃውን የብረት በር ያያሉ፣ እኔ እሳቸውን አያለሁ። ኖሪና ከአባቷ ወንበር ጀርባ ቆማለች፤ መጥበሻውን ስታስገባ የተቃጠለ ጣቷን አፏ ውስጥ ከታለች።

«ስማ ቱሊዮ» አሉ። «እናንተ የሜዳ ሰዎች ሚስት እንዴት እንደምትጠይቁ አላውቅም። እዚህ ቤት መልስ የምትሰጠው ለፋፊዋ ናት።»

«ለፋፊዋ ማናት፣ አባባ?»

«አንዷን ካስታኛ ሳንሰነጥቅ እንተዋታለን። ሌሎቹ ሲበስሉ እሷ ጧ ትላለች፣ ያኔ በሩ ይከፈታል። ከጮኸች ልጅቷ ያንተ ናት። ካስታኛው አርሮ ዝም ካለች ባርኔጣህ ሚስማሩ ላይ አለልህ። የባለወፍጮው ልጅ አምና እንዲሁ በዝናብ ሄዷል።»

ቅድም ቢላዋ ሰጥተውኝ ካስታኛውን የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ። አንዲት ወፍራም ካስታኛ ሳህኑ ዳር ለብቻዋ ተቀምጣ አገኘኋት። የረሷት መስሎኝ፣ ትጉ አማች ልምሰል ብዬ፣ ሆዷን ቀደድኩት። ያውም በመስቀለኛ።

ደስ የሚል ሽታ መጣ። አባባ ጆሯቸውን ወደ ምድጃው አዘነበሉ። እኔ ወደ ኖሪና እያየሁ ጠረጴዛው ላይ በጥፍሬ መስቀል ሳልኩ። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ፊቷ አመድ መሰለ።

«ዘገየች» አሉ አባባ።

«እንግዳ አፍራ ይሆናል» አልኩ።

«እዚህ ቤት ያፈረች ካስታኛ የለችም። እኔ የዚህችን እናት ልጠይቅ ስመጣ የእኔዋ ለፋፊ ወንበሩ ሳይሞቅ ነበር የጮኸችው። አማቴ ዓይኔን ማየት ይጠሉ ነበር፤ ግን ጮኸች፣ ምን ያድርጉ? ካስታኛው ገና ጥሬ ነበር። እየቆረጠምን በላነው።»

ሽታው ከረረ። በበሩ ስንጥቅ ቀጭን ጭስ ወጣ።

«አባዬ፣ ሊያር ነው፤ ልክፈተው?»

«እጅሽን ሰብስቢ።»

ኖሪና ጣቷን ወደ አፏ መለሰች። ጭሱ ወፈረ፣ ዓይኔ አለቀሰ። አባባ ቀስ ብለው ወደ ሚስማሩ፣ ወደ ባርኔጣዬ ዞሩ። እኔም ለመነሣት ጠረጴዛውን ተደገፍኩ።

ጧ።

ከዚያ አባባ ተነሥተው በሩን ከፈቱ፣ መጥበሻውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሁሉም ከሰል ሆኗል፤ ሁሉም ሆዱ የተሰነጠቀ ነው። በጣታቸው አንድ በአንድ ገለበጧቸው። መስቀለኛዋን አንሥተው ወደ መብራቱ አስጠጉና ብዙ አዩዋት። ከዚያ ለሁለት ሰበሯት፤ ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ።

«ጮኻለች» አሉ። «ብላ እንጂ።»

በላሁ። ከሰል እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም።

መቼም ምላሴ ያስፈልገኛል፤ አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ። የጮኸችው ካስታኛዋ አይደለችም፤ ኖሪና ናት። ጉንጯ ውስጥ የነበረውን ጣቷን መንጭቃ አወጣችው፣ ጧ። ይህቺን ጨዋታ ሕፃን ሳለች ያስተማረቻት እናቷ ነበረች፣ ነፍሷን ይማርና። አባባ ከሰሉን እያላመጡ ወደ ልጃቸው ዞር አላሉም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሚስታቸውን ፎቶግራፍ ነበር የሚያዩት፤ ጉንጯ ላይ አፍጥጠው።