አርባኛው መስመር

ኻሊፍ መጋላ ሰፈር ባለው የኤሌክትሮኒክስ መጠገኛ ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ሁለት አሮጌ የፍሎፒ ዲስክ ማንበቢያ ድራይቮች ጎን ለጎን አስቀመጠ። «ጋሽ ጉግሳ፣ ይሄኛው ትናንት አንድ ዲስክ ቧጭሮብኛል። ያኛውን ገና አልሞከርኩትም። በየትኛው ይሁን?»

ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ ጉግሳ ያመጣውን ፍሎፒ ዲስክ በሁለት እጁ እንደያዘ ድራይቮቹን አየ። ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት ከሟች ባለቤቱ ከሰርካዲስ ጋር በቤት ኮምፒውተራቸው የጻፉት ፕሮግራም ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነበር። ቢቧጨር ሌላ ቅጂ የለም። «ባልተሞከረው» አለ። ኻሊፍ «ቢስሚላሂ» ብሎ ዲስኩን ከተተው። ድራይቩ አጓራ፣ ሲጥ አለ፣ ከዚያ ጭጭ አለ። ጉግሳ ጠረጴዛውን ጨብጦ ዓይኑን ጨፈነ።

«ተነቧል ጋሼ» አለ ኻሊፍ። «ግን ፕሮግራሙን ለማሽኑ የሚተረጉመው ኮምፓይለር አርባኛው መስመር ላይ ደርሶ አልገባኝም አለ። መስመሩን ላጥፋው ወይስ ሌላ ኮምፓይለር ልሞክር?»

ጉግሳ ዓይኑን ገልጦ ስክሪኑ ላይ አርባኛውን መስመር አየ። በትእዛዞቹ መሀል፣ በላቲን ፊደል፣ ሰርካዲስ «ጉግሳ፣ ምሳህ ቀዘቀዘ፤ ና» ብላ ጽፋ ነበር።

«ኮምፓይለሩ ይቅር» አለ፣ ወንበር ወደ ስክሪኑ እየሳበ። «ብቻ ማሽኑን እንዳታጠፋው።»