ተከላካዩ ወይስ የመስመር አጥቂው

ክለቡ የቀረው የአንድ ተጫዋች ቦታ ብቻ ነበር። ረዳቱ መርዕድ ሳምንቱን ሙሉ፣ «ግድግዳ ሳይቆም ቆርቆሮ ይመታል እንዴ? ተከላካዩን እናስፈርም!» እያለ አሰልጣኙን ነዘነዛቸው። የፈጣኑ የመስመር አጥቂ ነገር ሲነሳ ግን ፊቱን ያዞራል።

አሰልጣኙ ጠረጠሩ። «ይህ ሰው እንዲህ የሚወተውተው ተከላካዩ ዘመዱ ቢሆን ነው» አሉ በሆዳቸው። እልህ ያዛቸውና ለማንም ሳይነግሩ አጥቂውን አስጠርተው አስፈረሙት።

ልጁ ብዕሩን ሲያስቀምጥ ወረቀቱን አነሱት። «ኪሩቤል መርዕድ» ይላል።

«የኛ መርዕድ ልጅ ነህ እንዴ?»

«አዎ ኮች» አለ ልጁ፣ ደስታው ፊቱ ላይ እየፈሰሰ። «አባቴ እኮ ‹ተከላካዩን አጥብቄ ካመሰገንኩላቸው የሚያስፈርሙት አንተን ነው› ብሎኝ ነበር።»