አንድ እጅ ብቻ የሚያውቅ በር

ወይንሸት ለሁለተኛ ዲግሪ ድሬዳዋ ስትመደብ ባሏ አንዳርጌ ሥራውን ለቆ አብሯት መጣ። በዚያ ዘመን በከተማዋ ቁልፍ የሚባል ነገር ቀርቷል። የቤት በር የሚከፈተው የተመዘገበ ነዋሪ መዳፉን ሲያስነካው ብቻ ነው። የተመዘገበችው ደግሞ ተማሪዋ ነች፤ ባልየው ተራው ከስድስት ወር በኋላ ነው ተባሉ። እስከዚያው አንዳርጌ መውጣት ይችላል፤ መመለስ ግን አይችልም።

በሦስተኛው ሳምንት ቤት መዋሉ ሲመርረው ሽንኩርት ልግዛ ብሎ ወጣ። ሲመለስ እንደተባለው በሩ አላወቀውም። የድሬ ፀሐይ አናቱን ሲበሳው ጊዜ ደወለላት።

«ራሴን እያዞረኝ ነው» አላት።

ወይንሸት ፈተና ልትገባ ተሰልፋ ነበር። ሰልፉን ትታ በባጃጅ በረረች። ስትደርስ ባሏ ሽንኩርቱን ታቅፎ ደረጃው ላይ ተቀምጧል፤ ላብ ቢያጠምቀውም ደህና ነው። ድንጋጤዋ ወደ ንዴት ተለወጠ።

«ሽንኩርቱን እኔ ስመጣ አልገዛውም ነበር?»

«ለሽንኩርት መሰለሽ? ሃያ ቀን ሙሉ ግድግዳ ሳይ ከረምኩ እኮ።»

«ፈተናው አመለጠኝ፣ አንዳርጌ። ከእንግዲህ እኔ ሳልመጣ አትውጣ፣ በቃ።»

አንዳርጌ ቀና ብሎ አያት።

«ከተማው አትግባ ነው ያለኝ» አለ ቀስ ብሎ። «አትውጣ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

ወይንሸት ዞር ብላ መዳፏን በሩ ላይ አሳረፈች። በሩ ወዲያው ተከፈተ፤ አንዳርጌ ግን ከተቀመጠበት አልተነሳም።