እየተገፋ የመጣው ባጃጅ

ኡበይደላ ሞተሩን አጥፍቶ ባጃጁን በእጁ እየገፋ ከእማማ ከድጃ ደጅ አደረሰው። ውጊያው ከወልድያ ከራቀ ወዲህም አሮጊቷ ጎረቤቱ የሞተር ድምፅ በሰሙ ቁጥር አልጋ ሥር ይገባሉ። ልጃቸው ደግሞ መርሳ ላይ ወልዳ እናቷን ትጠብቃለች።

«ይግቡ እማማ፣ እስከ መናኸሪያ እየገፋሁ አደርስዎታለሁ።»

«ከዚያስ? ሚኒባሱንም እስከ መርሳ ልትገፋልኝ ነው?»

ኡበይደላ የኋላውን መቀመጫ በእጁ ጠረገላቸው። እሳቸውም ገቡ። ቁልቁለቱን በቀላሉ ወረደው፤ ዳገቱ ሥር ሲደርስ ጉልበቱ ከዳውና እያለከለከ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እማማ ከኋላ በሻርፓቸው ጫፍ የአንገቱን ላብ ጠረጉለት። ከዚያ ትከሻውን በሁለት እጃቸው ጭምድድ አድርገው ያዙ።

«በል ቢስሚላህ ብለህ አስነሳው» አሉት። «እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ።»