ሰም የገባበት ቅቤ

መጋቢት 8 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። ፈንታሁን ጂፑ ሥር በጀርባው ተንጋሎ የፊት አክስሉን መጋጠሚያ፣ ክሮቼራውን፣ በጨርቅ ይወለውላል። ትናንትም ወልውሎታል። ከትናንት ወዲያም።

«ዛሬስ ምን ጎደለ?» ይላል ካድሬው። ከሥር የሚታየው ጫማው ብቻ ነው።

«ግራሶ፣ ጓድ። ያለ ግራሶ መርፌዎቹ ቆቡ ውስጥ አይቆሙም። ደረቁን ብገጥመው ከተማውን ሳይለቅ ይበላዋል።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ግራሶ! አብዮቱ ግራሶ እስኪመጣ ይቁም?»

ፈንታሁን ያለው እውነት ነው። መርፌዎቹ፣ በክሮቼራው ክዳን በቆቡ ውስጥ ዙሪያውን የሚደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች፣ ከክብሪት እንጨት አይበልጡም፤ ቅባት ካልያዛቸው ይረግፋሉ። የተሸሸገውም በዚህ እውነት ውስጥ ነው። ጂፑ ከተጠገነ የአክስቱን ልጅ ሞላን ከእስር ቤት ጭኖ ጎንደር ይሄዳል፤ በዚህ ወር ጎንደር ተጭኖ የተመለሰ የለም። ነገ ማታ ግን ተረኛው ዘበኛ ማሬ ነው። ማሬ በሩን ሳይቆልፍ ሊረሳው ቃል ሰጥቷል። የሚፈለገው አንድ ቀን ብቻ ነው።

«እንዴት አደራችሁ?»

አክስቱ፣ የሞላ እናት እትዬ ላቀች ናቸው። ቅል ታቅፈዋል።

«ቅባት ጠፋ ሲሉ ሰምቼ መጣሁ፣ ልጄ። ይኸው፣ ለፋሲካ ያኖርኩት ቅቤ።»

ፈንታሁን ከሥር ተስቦ ይወጣል። «እትዬ፣ በሁዳዴ ቅቤ ይዘው ይዞራሉ?»

«መኪና ይጾማል እንዴ!» ይስቃሉ። «ጓድ ነግረውኛል እኮ። ሞላን ጎንደር ሐኪም ያየዋል፣ ከዚያ ይለቁታል። በቅባት እጦት ልጄ ይቅር?»

ካድሬው ሲጋራውን ይለኩሳል።

«ቅቤ ብረቱ ሲግል ውሃ ነው የሚሆነው፣ እትዬ» ይላል ፈንታሁን።

«ይህን አጣሁት? ስንት ዘመን የኢየሱስን ጧፍ ስሠራ!» ቅሉን ይከፍታሉ። «ሰም ጨምሬበታለሁ። ምድጃ ዳር አስቀምጬ ፈትኜዋለሁ፤ ንቅንቅ አላለም።»

ፈንታሁን ዓይናቸውን ፈልጎ በዓይኑ ሊነግራቸው ይሞክራል። እሳቸው የሚያዩት ቅሉን ነው። ካድሬው ጣቱን ነክሮ ቆቡን ይቀባል፣ አንዲት መርፌ ይለጥፍበታል፣ ይዘቀዝቀዋል። መርፌዋ አትወድቅም።

«እንግዲህ፣ ጓድ መካኒክ?»

«ይሠራል» ይላል ፈንታሁን።

መርፌዎቹን አንድ በአንድ ይደረድራል። ሦስቱን ግን መዳፉ ውስጥ ያስቀራል። ሦስት ቢጎድሉ መጋጠሚያው ቁልቁለቱ ላይ ይሰባበራል። ሞላ ደግሞ ከኋላ የሚቀመጠው እጁን ታስሮ ነው።

«አጥብቀህ ሥራው» ይላሉ እትዬ ላቀች። «ጀርባውን ጎድተውታል፤ መንገድ ላይ አይንገላታብኝ።»

ሦስቱንም ይጨምራቸዋል።

የመጨረሻውን ብሎን ሲያጠብቅ እትዬ ላቀች ጎንበስ ብለው እጁን ይስማሉ። «እጅህ ይባረክ!» ቅባቱ ከንፈራቸው ላይ ይቀራል። ፈጥነው በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉና ያማትባሉ።

ጂፑ ስድስት ሰዓት ላይ ተነሣ፤ አንድም ቦታ ሳይቆም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጎንደር ገባ። ሞላን ሰኞ ረሸኑት። እትዬ ላቀች እስከ ሰኔ ድረስ ስንቅ ይልኩለት ነበር፤ ዘበኞቹም እየተቀበሉ አገልግሉን ባዶውን ይመልሱላቸው ነበር።